ሞተሩ እስኪበርድ

አባ ፈቲያ፣ የአላህ ሰላም ባለህበት ይድረስህ።

ከተለየኸን ወዲህ ሦስተኛው ገብስ ታጭዶ ገባ። መቃብርህን እስካሁን አላየሁትም። ሴት ቀብር አትወጣም ብለው ወንዶቹ ተሸክመውህ ሲሄዱ እኔ በር ላይ ቀረሁ፤ ከዚያም በኋላ አልሄድኩም። ሄጄ የምነግርህን ነው እንግዲህ እዚህ የምጽፈው። በአማርኛ መጻፌ አይግረምህ። ቤት ውስጥ ያወራነው ሁሉ በኦሮምኛ ነበር፤ ብዕር ስይዝ ግን የሚመጣልኝ በልጅነቴ የተማርኩበት ነው። ልጅህ በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል፣ ስለተማረች የእኔን ጽሑፍ እየተንተባተበች ነው የምታነበው። ትላንት አጎንብሼ ስጽፍ አይታኝ፣ «አዮ፣ ለማን ነው?» አለችኝ። «ለአባትሽ» አልኳት። በሩን ገርበብ አድርጋ ወጣች።

ስለ ቤቱ ልንገርህ። ሱቁን አልዘጋሁም። ሻርፕና ሽርጥ እሸጣለሁ፤ ሐሙስ ገበያ ሲቆም ትንሽ ይንቀሳቀሳል፣ ሌላው ቀን ቁጭ ብዬ መንገዱን ማየት ነው። ጣሪያው በምዕራብ በኩል ያፈሳል። ፈቲያ ቁመቷ አንተን አከለ። ትምህርቷን ልትጨርስ ነው፤ ጨርሳ ምን እንደምትሆን እኔም አላውቅም፣ እሷም አታውቅም። የጭነት መኪናህ ዳለቻ ይቆምበት የነበረው የግቢው ጥግ ሣር ለብሷል፤ ዘይት የጠጣው መሬት ላይ ግን እስካሁን ምንም አይበቅልም።

ዳለቻ እንዴት እንደሆነ መስማት ትፈልግ ይሆናል። ከተራራው ተጎትቶ ሲወርድ ጎባ ያለው መካኒክ ሞተሩን ፈታው። እኔም ሄጄ ነበር። ሰውዬው እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «እህቴ፣ ይሄ ከእንግዲህ ሚዛን ላይ የሚወጣ ብረት ነው» አለኝ። ከሻሸመኔ የመጡ ሰዎች ቆራርጠው ወሰዱት። ሲቆርጡት አላየሁም፤ ድምፁ ግን ከመንገዱ ማዶ ይሰማ ነበር።

ግራጫ ስለነበር እንደ በሬ ስም ያወጣህለት ቀን ትዝ ይልሃል? መንግሥት ከተለወጠ ብዙም ሳይቆይ ነው የገዛኸው፤ ያኔም አርጅቶ ነበር። በተጋባን በመጀመሪያው ዓመት ጋቢና ውስጥ አስቀምጠኸኝ መና ድረስ ይዘኸኝ ወረድክ። ስንሄድ ስንዴና ድንች፣ ስንመለስ ቡና። ከጎባ ወጥተን ሳኔቲን አቋርጠን፣ ጅባራው ብቻ የቆመበትን ሜዳ አልፈን፣ ወደ ሃረና ጫካ ስንወርድ ጆሮዬ ተደፈነ፤ አንተ ሳቅክብኝ። በመልሱ ግን አልሳቅክም። ከሪራ መንደር በላይ ያለው ጠመዝማዛ ሲጀምር ወሬ አቆምክ፤ ዓይንህ ከመንገዱ ወደ ሙቀቱ ጌጅ፣ ከጌጁ ወደ መንገዱ ሆነ።

እዚያ ነው ያስተማርከኝ። ዳገቱ ላይ በከባድ ማርሽ ሲያጉረመርም ሞተሩ አብዝቶ ይሠራል፤ መኪናው ግን የሚፈጥነው በእግሩ የሚሄድ ሰው ያህል ስለሆነ ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዝ ነፋስ አይገኝም። ራዲያተሩም የስንት ወንዝ ውሃ ሲጠጣ ኖሮ ውስጡ በደለል ተደፍኗል። በዚያ ላይ ከፍታው አለ። «ሳኔቲ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል፣ ድንች ግን አይበስልም» ትለኝ ነበር። ሲፈላ ቀዝቃዛ ውሃ አይደፋበትም፣ የሞተሩ ራስ ይሰነጠቃል። ታኮ ከጎማው ስር ይገባል፣ ሞተሩ በቀስታ እየሠራ ይቆያል፣ ከዚያ መጠበቅ ነው። የራዲያተሩን ክዳን ሰው የሚከፍተው እርጥብ ጆንያ ይዞ፣ ፊቱን አዙሮ፣ ቀስ ብሎ ነው። የቀኝ ክንድህ ላይ የነበረው ጠባሳ አንድ ቀን የቸኮልክበት ነው። ሳኔቲ ላይ ካደርክ ደግሞ ውሃውን አፍስሰህ ነው የምትተኛው፤ ካላፈሰስከው ሌሊት በረዶ ሆኖ ሞተሩን ይሰነጥቀዋል። በአንድ መንገድ ላይ ቀን እሳት፣ ሌሊት በረዶ። ይህን ሁሉ ያወቅከው በመንዳት ነው፤ ለእኔም የነገርከኝ ጨዋታ እንዲሆነኝ ነበር። እኔ ግን አልረሳሁትም፤ በኋላ የመጣብን ሁሉ የመጣው በዚሁ መንገድ ነው።

ስለ ሞሚና በሕይወትህ ሳለህ በደንብ አላወራንም። ዛሬ ልጻፈው።

ታናሽ እህቴ ሪራ ነበር ያገባችው። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ስትቃረብ ልረዳት ወረድኩ። ምጡ ሲጀምራት ደህና ነበረች፣ ትቀልድም ነበር። ሌሊቱን ግን ሳትወልድ አደረች። በማግስቱ ጠዋት አዋላጇ እጇን ታጥባ ወደ ውጭ ጠራችኝና፣ «ይሄ ከእኔ በላይ ነው፣ ጎባ አድርሷት» አለችኝ። በምን እናድርሳት? ክረምት ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ወደ ላይ የሚሄድ መኪና አንድ ቀን ይገኛል፣ አንድ ቀን አይገኝም። ባሏ መንገድ ዳር ቆመ። ረፋዱ ላይ የዳለቻን ድምፅ ሰማሁ፤ ከሩቅ ለይቼ አውቀዋለሁ። ከመና ቡና ጭነህ እየወጣህ ነበር። አላህ ላከልን ብዬ አለቀስኩ።

ሞሚናን አይተህ መጀመሪያ ያልከው፣ «ጆንያውን አውርዱ» ነው። ያልረዳህ ሰው አልነበረም፤ የመንደሩ ወንድ ሁሉ ወጣ። ረዳትህ ኦቦ ሁሴን፣ «የሰው ንብረት ነው፣ ዝናብ ቢመታውስ?» ሲሉህ፣ «ይምታው» አልክ። ሊወርድ የቻለውን ያህል ወረደ። ያላወረድነው፣ ለማውረድ ጊዜ ስለሌለ የተውነው ነው። ይህን ያየ ሰው ነበር፤ በኋላ ግን ማንም አላነሳውም።

ሞሚና ጋቢናው ውስጥ በእኔና በአንተ መሃል ተጋድማ፣ ራሷ ጭኔ ላይ ነበር። ጠመዝማዛው ላይ ገና ብዙም ሳንወጣ መርፌው ቀዩ ጋ ደረሰ። ቆምክ። ኦቦ ሁሴን ታኮውን አስገቡ። ሞሚና ዓይኗን ገልጣ፣ «ለምን ቆመ?» አለች።

«ውሃው ፈልቶ ነው፣ አሁን ይበርዳል» አልካት።

እኔ ወደ ጆሮህ ተጠግቼ፣ «ዝም ብለህ ብትነዳስ?» አልኩህ። አልተቆጣህም። «ከነደደ እዚሁ ነው የምንቀረው። ሌላ መኪና ዛሬ ላይመጣ ይችላል። ቀስ ብለን ከሄድን ግን እንደርሳለን» አልከኝ። እውነት ነበር። ያኔም እውነት እንደሆነ አውቄያለሁ፣ አሁንም አውቃለሁ።

ወርደህ ከጅረቱ ውሃ ቀዳህ። ዝናቡ ላይህ ላይ እየወረደ የሞተሩ ኮፈን ላይ እጅህን አስቀምጠህ ቆምክ፤ ብረቱ ቶሎ ቢበርድ ብለህ የምትለምነው ትመስል ነበር። ሞሚና ደጋግማ፣ «በረደ?» ትለኝ ነበር። «እየበረደ ነው» እላታለሁ። ተነሳን። የአስታ ዛፉ ጫካ ውስጥ ስንገባ ጭጋጉ ወረደብን፣ መርፌውም እንደገና ቀዩ ጋ ደረሰ። እንደገና ቆምን። በዚህኛው ሞሚና ምንም አልጠየቀችም። እጄን ይዛ ነበር፤ አያያዟ እየላላ መጣ። አንተ በመስኮት አየት አድርገሃት ወደ ሞተሩ ተመለስክ። ያን ጊዜ ፊትህን አይቼዋለሁ።

ሜዳው ላይ ስንወጣ የሳኔቲ ነፋስ ፊት ለፊት መጣ። መርፌው ወርዶ ቦታው ላይ ቁጭ አለ። ዳለቻ ምንም እንዳልነበረበት ይሮጥ ጀመር። «በረደ፣ ሞሚና፣ በረደ» አልኳት። አልሰማችኝም። ጅባራዎቹን ግማሽ እንኳ ሳናልፍ እህቴ ጭኔ ላይ ቀዘቀዘች። ነገርኩህ። ጎባ እስክንገባ ድረስ መንዳትህን አላቆምክም። ልጁም አብሯት ሄደ።

እናቴ ለቅሶው ላይ፣ ቤቱ በሰው ተሞልቶ፣ አንተ በር ላይ ቆመህ ሳለ፣ «አማቼ ለብረቱ አዘነ። ለልጄ አላዘነም» አለች። እኔ ተነስቼ፣ «እናቴ፣ ባይቆም ኖሮ ተራራው ላይ ነበር የምንቀረው። አብሬ ነበርኩ» አልኳት። ሴቶቹ ጎትተው አስቀመጡኝ። እናቴ አላየችኝም። አንተም ወጥተህ ሄድክ።

ከዚያ ወዲህ ለዒድ በግ እየገዛህ እናቴ ደጅ ታስሮ እንዲቆይ ትልክ ነበር፤ አንተ ግን አትገባም። እሷም በጉን አትመልስም፣ አንተንም አትጠራም። እኔ በሁለታችሁ መሃል ከሮቤ ጎባ እየተመላለስኩ ዓመታት አለፉ። ስንቴ፣ «ጥፋት የለብህም» እንዳልኩህ አላህ ያውቃል። አንድ ቀን፣ «አንቺ ሚስቴ ስለሆንሽ ነው» አልከኝ፤ ከዚያ በኋላ ተውኩት።

አንተ ያወራኸው ከመኪናው ጋር ነው። ራዲያተሩን አስፈትተህ አስጠረግክ፣ አስበየድክ፤ ቱቦዎቹን ቀየርክ፤ የማራገቢያውን ቺንጋ አዲስ አደረግክ፤ ከጋቢናው ጣሪያ ላይ የውሃ በርሜል አሠራህ። እሁድ ሌላው ሰው ሲያርፍ አንተ ግቢ ውስጥ ከዳለቻ ስር ነህ። ፈቲያ ሻይ ስታመጣልህ እግርህን ብቻ እያየች ነው ያደገችው። የሆነ ጊዜ ተሻለው ብለህ ደስ ያለህ መሰለኝ። ቀጥሎ በወጣህ ጊዜ እዚያው ጠመዝማዛ ላይ እንደገና ፈላ። መጥተህ እራት ሳትበላ ተኛህ። አዲስ መኪና የሚገዛ አቅም አልነበረንም፤ ያኛውን ዳገት ደግሞ ማንም ዝቅ ሊያደርገው አይችልም።

የመጨረሻውን ጉዞህን የነገሩኝ ኦቦ ሁሴን ናቸው። ሃረና ውስጥ ማር ሊቆርጥ ዛፍ ላይ የወጣ ሰው ወድቆ ነበር። ከውጭ ቁስል የለውም፣ ሆዱ ግን እያበጠ ነበር። ወንድሙ መንገድ ላይ ቆሞ እጁን ሲያነሳ አንተ ነህ የደረስከው። ሰውየውን አስገባችሁት፤ ሲንቀጠቀጥ አይተህ ካፖርትህን አውልቀህ አለበስከው። ጭነቱም አነስተኛ ነበር፤ የዘመኑ ቡና ገና ስላልደረሰ የአምናው ጥቂት ጆንያ ብቻ ነው። ጠመዝማዛው ላይ መርፌው ቀዩን ነካ። ኦቦ ሁሴን፣ «ቃሲም፣ ፈላ እኮ» አሉህ።

«አየሁት።»

«አትቆምም?»

«አልቆምም።»

ከዚያ በኋላ ቀና ብለህ መንገዱን ብቻ ነበር የምታየው አሉኝ። እንፋሎቱ መስታወቱን ሸፈነው። የተቃጠለ ዘይት ሸተተ፣ ሞተሩ ውስጥ መንኳኳት ተሰማ፣ ጉልበቱ አለቀ። እንዲያም ሆኖ ሜዳው ላይ አወጣኸው። ሳኔቲ ላይ ትንሽ እንደሄዳችሁ ሞተሩ ነክሶ ቀጥ አለ። ብዙ ሳትቆዩ ከኋላ አንድ ፒክአፕ ደረሰ፤ ይህን አንተም አላሰብከውም። ሰውየውንና ወንድሙን ጫናችኋቸው። ለሌላ አንድ ሰው ብቻ ቦታ ነበር፤ ኦቦ ሁሴን ጎባ ደርሰው የሚጎትት መኪና እንዲያመጡ ላክሃቸው። አንተ የሰው ቡና ጥዬ አልሄድም ብለህ ቀረህ። ካፖርትህ ከታማሚው ጋር ሄደ፤ መልሱልኝም አላልክ፣ እነሱም በጭንቀታቸው አላሰቡትም።

የሚጎትት መኪና ቶሎ አልተገኘም። ዝናብና በረዶ ነበር። ኦቦ ሁሴን ሲመለሱ ጋቢናው ውስጥ በሸራ ተጠቅልለህ አገኙህ፤ ትኩሳትህ ከሩቅ ያስታውቃል፣ መናገር አትችልም። ራዲያተሩን ከፍተው ቢያዩት ባዶ ነው። በዚያ ብርድ ወርደህ ውሃውን አፍስሰኸዋል፣ ሌሊት በረዶ ሆኖ ሞተሩን እንዳይሰነጥቀው። «ሞተሩ እኮ አልቆለታል፣ ለምን አፈሰሰው?» ብለው ጠየቁኝ።

ጎባ ሆስፒታል አልጋህ አጠገብ የተቀመጥኩባቸውን ቀናት መጻፍ አልችልም። ሳንባህ ነው አሉ፤ የሚያደርጉትን ሁሉ አደረጉ። አንድ ከሰዓት በኋላ የዚያ ማር ቆራጭ ወንድም መጣ። ካፖርትህን አጣጥፎ ይዞ ነበር። እግርጌህ ላይ አስቀመጠውና፣ «ሾፌር፣ ወንድሜ በደረስን ዕለት አለፈ። አላህ የጻፈው ነው። አንተ ግን አልቆምክም፣ አይተናል። ጀዛህን ይክፈልህ» አለህ።

እሱ ከወጣ በኋላ ፊትህን ወደ እኔ መለስክ። ከዚያ በኦሮምኛ፣ በቀስታ፣ «ባልቆምም ያው ነው ማለት ነው» አልክ። ጥቂት ቆይተህ፣ «እንግዲያው ሞሚናም…» ብለህ ሳል ያዘህ። ሳሉ እስኪተውህ ጠበቅኩ። ልትጨርሰው ነው ብዬ ወደ አፍህ ተጠጋሁ። ዓይንህን ጨፈንክ። በማግስቱ ሰውም አልለየህም።

ያንን ቃል እየጨረስኩ እነሳለሁ፣ እየጨረስኩ እተኛለሁ። አንዳንድ ቀን ቀለለህ ብዬ አስባለሁ፤ ብትቆምም ባትቆምም የማይደርስ መንገድ ነበር፣ ይህን አወቅክና አረፍክ። ሌላ ቀን ደግሞ በሞሚና ሸክም ላይ የማር ቆራጩም ተጨመረብህ ብዬ አስባለሁ። የትኛው እንደሆነ አንተ ብቻ ታውቃለህ፤ አንተ ደግሞ አትመልስልኝም።

እናቴ ለቅሶህ መጥታ ጥግ ላይ ተቀመጠች። ሊመሽ ሲል ተነስታ አጠገቤ መጣችና፣ «አንድ ቀን እንኳ ቤቴ ግባ ሳልለው» አለች። አሁን ዓይኗ ደክሟል። ይቅር በላት ብዬ አልለምንህም፣ እኔም ይቅር እንዳልኳት አላውቅም፤ ግን አበላታለሁ፣ አጥባታለሁ።

መንገዱን ደግሞ እየጠረጉት ነው። አዳዲስ መኪናዎች መጥተዋል፤ ጠመዝማዛውን ሳይቆሙ ይወጣሉ አሉ። ጥሩ ነው፣ የሌላ ሰው እህት ትደርስ ይሆናል። እኔ ግን ስሰማው ደስ አላለኝም። ለምን ለእኛ ዘገየ ከማለት በቀር ሌላ ሐሳብ አልመጣልኝም።

ሰው ሁሉ ጊዜ ያስረሳል ይለኛል። አላስረሳኝም፤ እንዲያስረሳኝም አልፈልግም። ፈቲያ ስለ አንተ ስትጠይቀኝ ሁለቱንም ቀን እነግራታለሁ፣ የቆምክበትንም ያልቆምክበትንም፣ አንዱን ደብቄ አንዱን አላሳምርም። ጁምዓ ሲደርስ አንተንና ሞሚናን በአንድ ዱዓ እጠራችኋለሁ፤ ያልተወለደውንም አብሬ፣ ስም ስለሌለው «የሞሚና ልጅ» እያልኩ። ተስፋ የሚሆን ነገር ጽፌልህ ብጨርስ በወደድኩ። የለኝም። ያለኝ ማስታወስ ነው፤ እሱን እስከ መጨረሻዬ አልተውም።

የፈቲያ እናት፣ ከሮቤ